የአእምሮ ሰላም ፈልጋችሁ ስትጀምሩ እነዚህን አትሳሳቱ

ጎንደር ውስጥ በአእምሮ ጤና ነርስነት ስሠራ እንደዚህኛው ደጋግሜ ያየሁት ስህተት የለም፤ ሁሉን በአንድ ሰኞ መጀመር። ጭንቀት የበረታበት ሰው ቆርጦ ይነሣል፤ ሌሊት 11 ሰዓት መነሣት፣ ጥምቀተ ባሕር ድረስ መሮጥ፣ ፌስቡክ መዝጋት፣ በየማታው ማስታወሻ መጻፍ። ሐሙስ አንዱ ይቀራል፣ ቅዳሜ ሁሉም ይቀራል። ከዚያ «እኔ መቼም አልረባም» እያለ ከበፊቱ ብሶበት ይመጣል። እባካችሁ በራሳችሁ ላይ እንዲህ አትጨክኑ! የተጨነቀ ሰው ጉልበቱ አልቋል፤ የሚጀምረው ነገር ባለችው ጉልበት ልክ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ በክፉ ቀን እንኳ የማያቅት። ጠዋት ፊታችሁን ታጥባችሁ ደጅ ላይ አምስት ደቂቃ ፀሐይ መሞቅ ይበቃል። ወይም ከባጃጁ ትንሽ ቀደም ብሎ ወርዶ ቀሪውን በእግር መሄድ።

«21 ቀን ከቆየ ልማድ ይሆናል» የሚባለውን እርሱት። የለንደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል ብለው ገምተዋል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም አይተዋል። አንዲት ተማሪ ለፈተና ስታጠና አንድ ማታ የእግር ጉዞዋ ቢቀር «ተበላሸ» ብላ ጨርሳ ተወችው። የኔ ልጅ፣ ምንም አልተበላሸም፤ በማግስቱ መውጣት ነበር።

ቡና ተዉ አልልም። ለብቻው ለሚውል ሰው ከጎረቤት ጋር አቦል ቶና ማለት ትልቅ ነገር ነው። ስህተቱ ሰዓቱ ላይ ነው፦ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ቀን 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓትም አብሯችሁ አለ። እንቅልፍ ካስቸገራችሁ ከሰዓት በፊት ጠጡት።

አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ይቆራርጣል።

የጦርነት ወሬ በቴሌግራም እያነበባችሁ አትተኙ።

ጸበል ስትሄዱ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

የመጨረሻው ስህተት ለከባድ ሕመም ፀሐይ መሞቅና በእግር መሄድ ይበቃል ብሎ መጠበቅ ነው። ሐዘን ወይም የምትወዱትን ሁሉ መጥላት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ ደግሞ ነገ አትበሉ፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ይዛችሁት ኑ።