የፋንታሲ አጫጭር ልብ ወለዶች መድበል እንዴት ይነበባል?

ረጅም ልብ ወለድ የለመደ አንባቢ የአጫጭር ታሪኮች መድበል ሲይዝ ብዙ ጊዜ አራተኛው ወይም አምስተኛው ታሪክ ላይ ይዝላል። የግድ መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ረጅም ልብ ወለድ የዓለሙን ሕግ አንዴ ያስለምድዎትና 400 ገጽ ያስኬድዎታል። 20 ታሪክ የያዘ የፋንታሲ መድበል ግን ያንኑ ሥራ 20 ጊዜ ያሠራዎታል፤ በአንዱ ታሪክ ሙታን ይናገራሉ፣ በሚቀጥለው ከተማው ራሱ ይተነፍሳል፣ በሦስተኛው ከአንዲት ድመት በቀር ሁሉም እንደ ወትሮው ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሞባይልና ታክሲ ባለበት በዛሬው ዓለም አስማት ለሚገባባቸው ታሪኮች ነው። የዚህ ዓይነት መድበል በብዛት የሚገኘው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ሰው የሚገጥመውም ታስቦበታል።

1. ወጥ መሆኑን ያረጋግጡ

በእኛ ዘንድ «ወጥ» ሲባል ትርጉም ያልሆነ ማለት ነው። እዚህ ጋ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ታሪኮቹ ለዚህ መጽሐፍ ተብለው የተጻፉ፣ ከዚህ በፊት የትም ያልታተሙ ናቸው? ወይስ ከመጽሔትና ከሌሎች መጻሕፍት የተለቀሙ? መልሱ ያለው የቅጂ መብት ገጹ ላይ ነው። ይህ ገጽ የርዕሱ ገጽ ጀርባ ላይ ይገኛል፤ ዝርዝሩ ሲረዝም ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ይሻገራል። የታሪኮቹ ርዕስ ከነደራሲው ተዘርዝሮ የሁሉም ዓመት አንድ ከሆነና መጽሐፉ ከወጣበት ዓመት ጋር ከገጠመ፣ ወጥ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ዓመቶቹ ከተለያዩ ወይም «መጀመሪያ የወጣው በእገሌ መጽሔት» የሚል ካለ የተለቀመ ነው። ሽፋኑ ላይ «የዓመቱ ምርጥ» የሚል ካዩ ገጹን መግለጥም አያስፈልግዎትም፣ የተለቀመ ነው። ሽልማትም ይህን አይለይልዎትም፤ የዓለም ፋንታሲ ሽልማት ለመድበል የራሱ ዘርፍ ቢኖረውም ወጡንና የተለቀመውን አብሮ ነው የሚያወዳድረው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ግምትዎን ለማስተካከል ነው። የተለቀመ መድበል ሁለት ጊዜ ተጣርቷል፤ አንዴ የመጽሔቱ አርታኢ፣ ሁለተኛ የመድበሉ አርታኢ መርጠውታል። ወጥ መድበል አንድ ወንፊት ብቻ ነው ያለፈው፣ ስለዚህ ከፍታውም ዝቅታውም የበዛ ነው። ከ20 ታሪክ 5ቱን ከወደዱ መጽሐፉ ዋጋውን አውጥቷል። በተከታታይ ሁለት ደካማ ታሪክ ስለገጠመዎት ብቻ አይዝጉት።

ከመግዛትዎ በፊት በነፃ የሚለቀቀውን የኤሌክትሮኒክ ናሙና የሚያዩ ከሆነ ብዙም አይመኑት። ናሙናው ከመጽሐፉ መጀመሪያ የተቆረጠ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው መግቢያውንና የአንድ ታሪክ ቁራጭ ነው፤ ስለ ቀሪዎቹ 19 ደራሲዎች የሚነግርዎት የለም። የሚጠቅመው ማውጫውን ለማየት ነው።

2. ጊዜውን ያስሉ

አጭር ልብ ወለድ በአንድ መቀመጫ ሲያልቅ ነው የሚሠራው። ደራሲው በሁለተኛው ገጽ የጣላት ትንሽ ፍንጭ መጨረሻው ላይ ትፈለጋለች፤ ሁለት ቀን ካደረ ግን ተረስታለች። ስለዚህ እርሳስ ይያዙና ማውጫው ላይ ከየርዕሱ ጎን የገጹን ብዛት ይጻፉ። አንድ ገጽ በግምት 300 ቃል ይይዛል። በሁለተኛ ቋንቋው ሳይጣደፍ የሚያነብ ሰው በደቂቃ 150 ቃል ያህል ይሄዳል ቢባል፣ አንድ ገጽ 2 ደቂቃ ማለት ነው። ባለ 15 ገጹ ግማሽ ሰዓት፣ ባለ 25 ገጹ 50 ደቂቃ ይፈልጋል።

ለሳይንስ ልብ ወለድና ለፋንታሲ የሚሰጡት የሁጎና የኔቡላ ሽልማቶች ከ7,500 ቃል በታች ያለውን አጭር ልብ ወለድ ይሉታል፤ ከዚያ በላይ እስከ 17,500 ቃል ያለው ሌላ ስም አለው፣ እስከ 40,000 የሚደርሰውም እንደዚሁ። መድበል ውስጥ ሦስቱም ተቀላቅለው ሊመጡ ይችላሉ። የ50 ገጽ ታሪክ ከመኝታ በፊት መጀመር ስሕተት ነው፣ ለቅዳሜ ይቆይ።

በስልክ ወይም በታብሌት ሲያነቡ አንድ ችግር አለ፦ ከታች የሚታየው ፐርሰንት የመጽሐፉ እንጂ የታሪኩ አይደለም። የታተመ መጽሐፍ ላይ ታሪኩ ሊያልቅ መሆኑን ጣትዎ ያውቀዋል፤ ስክሪን ላይ ግን በድንገት ይቋረጥና «አለቀ እንዴ?» ያሰኛል። «ለምዕራፉ የቀረው ጊዜ» የሚል ምርጫ ካለ ያንን ያብሩ።

3. መግቢያውን ይዝለሉ

አርታኢዎች መግቢያ ላይ ታሪኮቹን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስተዋወቅ ይወዳሉ፤ በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ድንቁ ያልቃል። በየታሪኩ ራስ ላይ የሚገባ ማስታወሻ ያላቸው መድበሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካዊው ደራሲ ሃርላን ኤሊሰን ያዘጋጀው የ33 ወጥ ታሪኮች መድበል (ፋንታሲ ሳይሆን ወደ ሳይንስ ልብ ወለዱ ያደላ ነው) በእያንዳንዱ ታሪክ ፊት የአርታኢው፣ ከኋላው ደግሞ የደራሲው ማስታወሻ ነበረው። እንዲህ ያለ ሲገጥምዎ ታሪኩን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ይመለሱበት።

ቅደም ተከተሉን ግን ያክብሩ። አርታኢ መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ የሚያስገባ ጠንካራ ታሪክ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቶሎ የማይለቅ፤ እንግዳ አጻጻፍ ያላቸው መሐል ይገባሉ። ስለ ስማቸው ሲሉ የታወቁትን ደራሲዎች ብቻ መርጠው ካነበቡ፣ የወጥ መድበልን ዋና ጥቅም አጡት ማለት ነው። መጽሐፉን ሊጨርሱት ከተጠራጠሩ የመጀመሪያውን፣ ከሁሉም አጭሩንና የመጨረሻውን ያንብቡ፤ ሦስቱም ካልያዙዎት ለሌላ ሰው ይስጡት።

4. የመጀመሪያዋን ገጽ በዝግታ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ለልምምድ እንዲሆን ይችን አጭር መክፈቻ እንይ፦

«እማማ ዘነበች ባለፈው ሐሙስ ተቀብረው፣ ዛሬ ማክሰኞ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ገቡ። ረዳቱ ሒሳብ ጠየቃቸው። ከመቀነታቸው ሃምሳ ብር ፈትተው ሰጡት። ‹መልስ የለም እማማ› አላቸው። ‹አውቃለሁ ልጄ› አሉት።»

ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። የማይሆነው ነገር የቱ ነው? የተቀበረች ሴት ታክሲ መግባቷ። ማን ተገረመ? ማንም፤ ረዳቱ የጠየቀው ሒሳብ ነው፣ እሳቸውም እንደማንኛዋም እናት ብራቸውን ከመቀነታቸው ነው የፈቱት። እንግዲህ የዚህ ዓለም ሕግ ታወቀ፦ ሙታን ይሳፈራሉ፣ ይከፍላሉም። ሦስተኛው፣ ምን ያስከፍላል? ሃምሳ ብር፣ ያለ መልስ። ከዚህ በኋላ ለማወቅ የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የት ነው የሚወርዱት?

ሦስቱ ጥያቄዎች በሁለት ገጽ ውስጥ ካልተመለሱ አይደንግጡ፣ ጥያቄውን ይዘው ይቀጥሉ። አንባቢን የሚያደክመው «ይህ ለምን ሆነ?» እያለ ማብራሪያ መጠበቁ ነው። አጭር ፋንታሲ ለምን ሙታን ታክሲ እንደሚይዙ የማስረዳት ዕዳ የለበትም።

የማያውቁት ቃል ሲመጣ ወዲያው መዝገበ ቃላት አይክፈቱ። ደራሲው የፈጠረው ቃል ከሆነ አያገኙትም፤ እንደ ኢግቦ ወይም ዮሩባ ካሉ የናይጄሪያ ቋንቋዎች የመጣ ቃል ከሆነ ደግሞ የዛሬ ደራሲዎች ብዙ ጊዜ ሳይተረጉሙ ሆን ብለው ነው የሚተዉት። ሁለተኛ ጊዜ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ይፈታዋል። ሦስተኛ ጊዜ መጥቶም ካልገባዎት ያኔ ይፈልጉ። ግስ ከሆነ ግን አይጠብቁ፤ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቁ ታሪኩ አይሄድም።

5. ወርቁን አይቸኩሉበት

ይህ በተለይ የእኛ አንባቢ ችግር ነው። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ድንቅ ነገር ሲያይ እጁ ወዲያው ወርቅ ፍለጋ ይሄዳል፦ ታክሲው አገሪቱ ናት፣ ረዳቱ መንግሥት ነው፣ እማማ ዘነበች ያለፈው ዘመን ናቸው። በሁለተኛው መስመር ላይ ይህን የወሰነ አንባቢ መቀነታቸውን አያየውም፣ «አውቃለሁ ልጄ» ያሉበትም ድምፅ አይሰማውም። ሰሙን እስከ መጨረሻው እንደተነገረ ይመኑት፦ አሮጊት ናቸው፣ ሞተዋል፣ ታክሲ ውስጥ ናቸው፣ መልስ ቀርቶባቸዋል። ዝርዝር ብር የለም ሲባል ያልሰማ ተሳፋሪ የለም፤ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ግን «መልስ» የተባለችው ቃል ደርሶ መልስንም እንደያዘች ራስዋ ትመጣለች። ሳይፈልጓት የመጣች ወርቅ ትቆያለች።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ቡዳ ጅብ ሆኖ ሲያድር፣ ዛር ጋቢና ሽቶ ሲያስገዛ እየሰማ ያደገ ሰው «ይሄማ የእኛ ሰፈር ወሬ ነው» ብሎ ይንቀዋል፣ ወይም የውጭውን መንፈስ በሚያውቀው ዛር ሕግ ይዳኘዋል። የታሪኩ መንፈስ ቡና የማይወድ ከሆነ አይወድም፤ ሕጉን የሚያወጣው ያ ታሪክ ነው።

6. በታሪክና በታሪክ መካከል

በቀን አንድ፤ ቢበዛ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ። ሁለት አከታትለው ሲያነቡ የመጀመሪያው ሕግ ወደ ሁለተኛው ይፈስሳል፤ ሞተው የነበሩት ሰዎች እዚህም ይነሣሉ ብለው ሲጠብቁ ታሪኩ ያልፍዎታል። እንደጨረሱ ማውጫው ላይ ወይም ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ የማይሆነው ምን ነበር፣ መጨረሻ ላይ ምን ተለወጠ። ሁለተኛውን መስመር መጻፍ ካቃተዎት የመጨረሻውን አንድ ገጽ ብቻ ደግመው ያንብቡ፤ አጭር ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚታጠፈው፣ እሷን በድካም አልፈዋት ይሆናል።

አንድ ታሪክ ካልሄደልዎ ሩቡን ያህል ይታገሡት፣ ከ20 ገጽ 5 ገጽ። ከዚያ በኋላ ማውጫው ላይ ምልክት አድርገው ይለፉት። መድበል የሚሰጠው ነፃነት ይህ ነው፣ የተዘለለው ታሪክ የሚቀጥለውን አያበላሽም።

በአንድ ጭብጥ ዙሪያ የተዘጋጁ መድበሎች ላይ ደግሞ ቀኑን ማራራቅ ይሻላል፤ ሁሉም ስለ ቤተ መጻሕፍት ወይም ስለ ባሕር ሴቶች ከሆነ በስድስተኛው ላይ ይሰለቻል። የተረት ዳግም ትረካ ከሆነም፣ አርታኢዎቹ ኤለን ዳትሎውና ቴሪ ዊንድሊንግ እ.ኤ.አ. በ1993 እንደጀመሩት ተከታታይ ማለት ነው፣ ዋናውን ተረት፣ ለምሳሌ የጀርመኖቹን የግሪም ወንድማማቾች፣ አስቀድመው ያንብቡት። አብዛኞቹ ጥቂት ገጾች ናቸው። ደራሲው የቀየረውን ለማየት የነበረውን ማወቅ ግድ ይላል፤ ምዕራባውያን ከጡት ጋር የጠጡትን እኛ ላንሰማው እንችላለን።

7. ሲያልቅ

አሁን መግቢያውን ያንብቡ። አርታኢው ምን እየፈለገ እንደነበር ይናገራል፤ የዘለሉት ታሪክ ላይ ያላዩትን ነገር ካሳየዎት ያንኑ አንድ ታሪክ ይመለሱበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን አፍሪካ ራይዝንን የመሰለ፣ ሦስት አርታኢዎች 32 ወጥ ታሪኮች ያሰባሰቡበት መድበል በአንድ ዙር አያልቅም፤ ለሁለተኛ ዙር ምልክት ያደረጉባቸውን ብቻ ይውሰዱ። ከዚያ መጨረሻ ገጾች ላይ ያለውን የደራሲዎች አጭር ታሪክ ይክፈቱ። ከወደዷቸው አምስት ታሪኮች ደራሲዎች መካከል የራሱ የታሪክ ስብስብ ያለውን ይፈልጉና ስሙን እዚያው ማውጫ ላይ ከርዕሱ ጎን ይጻፉት።