ሰሜን ተራሮች ላይ የጉዟችሁን ቪዲዮ የሚያበላሹ ስህተቶች

ከሳንቃበር ተነስቶ በግጭና በጨነቅ በኩል ራስ ደጀን ድረስ በእግር መሄድ ቀናት ይፈጃል። ጓደኛሞች ሲሄዱ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ተመልሰው ሲያዩት ግን ገደል፣ ደመና፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ገደል።

ትልቁ ስህተት ይሄው ነው፤ ተራራውን ቀርጾ ራስን መርሳት። 3,926 ሜትር ላይ ያለውን የእሜትጎጎን ጫፍ ከናንተ በተሻለ ካሜራ የቀረጹት ብዙ ናቸው። የናንተን ቡድን ግን ማንም አልቀረጸውም። ማንን ጫማው ላጠው? ድንኳኑን ገልብጦ ተክሎ "ትክክል ነው" ብሎ ድርቅ ያለው ማነው? ማታ ሽሮው እስኪደርስ ምን ተወራ? ሰው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ የሚያየው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ልክ ሲደክመን ወይም ስንጨቃጨቅ ካሜራውን እናጠፋለን። አታጥፉት። የተቀረጸው ሰው ካልፈለገው፣ በኋላ ኤዲት ሲደረግ ይቆረጣል።

ካሜራ የሚወደው ልጅ ሁሉንም ቀርጾ እሱ አንድም ቦታ ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ጠዋት ሻይ ላይ የዕለቱን ቀራጭ ምረጡ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ቢሆንም ግድ የለም።

"ድገሙት" የሚባለው ነገር ደግሞ ጓደኛ ያጣላል። አቀበቱን በስንት መከራ የጨረሰ ሰው "ካሜራው አልበራም ነበር፣ እንደገና ውጣ" ሲባል አስቡት። የቧሂት ተራራ ከፍታው 4,430 ሜትር ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጫማ ማሰር እንኳ ያስተነፍሳል። ከጨነቅ ወደ አምቢቆ ያለው መንገድ በቧሂት በኩል ተሻግሮ፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ እንደገና ይወጣል። በየመታጠፊያው ለቀረጻ የቆመ ቡድን ይመሽበታል። ቀድሞ የሚሄድ አንድ ሰው ይኑር። እሱ ቦታ ይዞ ይጠብቅ፣ ሌላው ዝም ብሎ ይለፍ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ካለ ቀረጻውን ተዉት። ካልተሻለው መውረድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ድምፅን መናቅም ብዙ ቪዲዮ ገድሏል። ምስል ቢንቀጠቀጥ ሰው ይታገሳል፤ ነፋስ ብቻ የሚሰማበትን ቪዲዮ ግን ወዲያው ይዘጋዋል። ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ ነፋሱ አያባራም። ማይክ ላይ የሚጠለቀው ጸጉራም ሽፋን ብዙ ይረዳል። ከሌላችሁ ማታ ድንኳን ውስጥ ሆናችሁ የቀኑን ውሎ አውሩና በስልክ ቅዱት። ኤዲት ሲደረግ በምስሉ ላይ ይገባል። እንዲያውም እንዲህ የተቀዳ ወሬ ካሜራ ፊት ቆሞ ከሚነገረው በጣም ይሻላል።

ግጭም ጨነቅም 3,600 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ሌሊቱ ክፉኛ ይበርዳል። ብርድ የሊቲየም ባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። ማታ ደህና የነበረ ስልክ ጠዋት ድንገት ድርግም ይላል። ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አቅፋችሁ ተኙ።

ጥራቱን ከልክ በላይ ከፍ ማድረግም አያስፈልግም። አይፎን 4ኬን በሰከንድ 60 ፍሬም ሲቀርጽ በደቂቃ 400 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። በሰዓት ሲሰላ 24 ጊጋባይት ነው። በስልክ ለሚታይ ቪዲዮ ከ4ኬ ዝቅ የሚለው የ1080 ጥራት ከበቂ በላይ ነው።

ጭላዳዎቹን በብስኩት መጥራት ነውር ነው። ሣር በል እንስሳ ናቸው፤ የሰው ምግብ ከለመዱ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሣሩን እየነጩ ራሳቸው ይመጣሉ። ሰውም ላይ ያው ነው፤ ባለበቅሎውን ወይም እረኛውን ልጅ ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ። አብሯችሁ የሚሄደውን የስካውቱን (የታጠቀውን የፓርክ ጠባቂ) ጠመንጃ ተቀብሎ ፎቶ መነሳት የሚሉትን ነገርማ ተዉት። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድ ራስን መከራ ውስጥ መክተት ነው። የአካባቢውን ጸጥታም ቢሆን ከመነሳታችሁ በፊት ደባርቅ ያሉ ሰዎችን ጠይቁ።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ከጉዞው በኋላ ነው። "አዲስ አበባ ስንገባ እልክላችኋለሁ" ያለ ሰው አይልክም። ቢልክም በቴሌግራም ተራ ቪዲዮ አድርጎ ስለሚልከው ጥራቱ ይወርዳል። በፋይል መልክ ሲላክ ብቻ ነው እንዳለ የሚደርሰው። ስለዚህ ጎንደር ከመለያየታችሁ በፊት የሁሉንም ስልክ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ሌላ ቅጂ ደግሞ ሌላ ሰው ይያዝ።