ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ ያለበትን ልጅ በጨዋታ ከእኩዮቹ ጋር እንዴት እናቀራርበው?

ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ልጆች ወደተሰበሰቡበት ወስዶ «ሂድ፣ ተጫወት» ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም። የኮንዶሚኒየም ግቢ ጨዋታ ሕጉ በየደቂቃው ይቀያየራል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል፣ ተራው የማን እንደሆነ የሚናገር የለም። ልጁ ግራ ይገባውና ጥግ ይይዛል፤ አዋቂው ደግሞ «ብቻውን መሆን ነው የሚወደው» ብሎ ይደመድማል። ልጁን ከመውቀስ በፊት ጨዋታውን ማስተካከል ይቀድማል።

ደግነቱ ያደግንባቸው ጨዋታዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው። «ኩኩሉ!» ሲባል «አልነጋም!» ነው መልሱ፤ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ»። ምን እንደሚባልና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሌላው ሰው ምን ሊል እንደሆነ መገመት ለሚከብደው ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

1. መጀመሪያ ዝም ብለው ይዩት

ለጥቂት ቀናት ሳያርሙና ሳያዙ ልጅዎ ሲጫወት ይመልከቱ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚልድረድ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመችው ጥናት የትንንሽ ልጆችን ጨዋታ በደረጃ ከፍላው ነበር፦ ብቻውን የሚጫወት፣ ቆሞ ሌሎችን የሚያይ፣ ከሌሎች አጠገብ ሆኖ የራሱን የሚጫወት፣ ዕቃ እየተቀባበለ የሚጫወት፣ በመጨረሻም ሥራ ተከፋፍለው አብረው የሚጫወቱ። ሁሉም ልጅ በዚህ ቅደም ተከተል ያድጋል ማለት አይደለም። ግን ልጅዎ የት እንዳለ ካወቁ ቀጣዩን አንድ እርምጃ ብቻ ያስባሉ። ከልጆች አጠገብ ተቀምጦ ቆርኪ የሚደረድርን ልጅ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ መክተት ብዙ ደረጃ ማዝለል ነው። ቆሞ የሚያየውንም «ምን ትገተራለህ» አይበሉት፤ እያጠና ነው።

ሁለት ነገር ይጻፉ። አንደኛ፣ ምን ያስጨንቀዋል? ፊኛ ሲፈነዳ? ሰው ሲነካው? መሸነፍ? ሁለተኛ፣ ምን ይወዳል? ጎማ ማሽከርከር፣ ውሃ፣ ቁጥር? ጨዋታውን የሚመርጡት ከዚህ ዝርዝር ነው።

2. ጥቂት ልጆች ይምረጡ

በአንድ ልጅ ይጀምሩ፤ ሲለምድ ሁለተኛና ሦስተኛ ይጨምሩ። የአክስት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ቢቻል አንዱ ከፍ ያለና ትዕግሥተኛ ይሁን።

ከልጆቹ ይልቅ እናቶቻቸውን ማነጋገር ነው የሚከብደው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ ብዙ ልጆች ከሰው ዓይን ተሰውረው ነበር የሚያድጉት፤ ዛሬም መደበቁ አልቀረም። እርግማን ነው የሚል አለ፣ ልጄ ላይ ይጋባል ብሎ የሚሰጋም አለ። ኦቲዝም አእምሮ የሚያድግበት የተለየ መንገድ ነው፤ አይተላለፍም፣ የወላጅ ጥፋትም አይደለም። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «እትዬ፣ ልጄ ጫጫታ ይከብደዋል እንጂ ልጅ ይወዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ልጅዎን ለግማሽ ሰዓት ይላኩልኝ፣ እኔ አጠገባቸው ነኝ» ይበቃል።

ለልጆቹም ቀጥተኛውን ይንገሯቸው፦ «ስትጮሁ ጆሮውን ያመዋል። ዝም ካለ እያሰበ ነው፣ ጠብቁት። ሲደሰት እጁን ያርገበግባል።» ልጆች ይህን ከአዋቂ ቀድመው ይቀበላሉ። ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስረዳው አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው፤ እሱ እነሱን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ እነሱም እሱን ለመረዳት ይቸገራሉ። ስለዚህ ትምህርቱ ለአንዱ ብቻ ሊሆን አይገባም።

3. ቦታውንና ሰዓቱን አይቀያይሩ

ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ያው አጀማመር። መጀመሪያ ላይ ሃያ ደቂቃ በቂ ነው፤ ልጁ ሳይሰለቸው ያቁሙ። በካርቶን ላይ የዕለቱን ቅደም ተከተል የሚያሳዩ ሦስት ሥዕል በእጅዎ ይሣሉ፦ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ልጆች፣ ሲኒ፣ ፈንዲሻ። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ይገልብጠው። ምንጣፍ ወይም ትራስ ያለበት ጸጥ ያለ ጥግ ያዘጋጁ፤ ወደዚያ ለመሄድ ማንንም ማስፈቀድ የለበትም። ሳያስበው ሮጦ የሚወጣ ልጅ ከሆነ የግቢው በር መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ ድብብቆሽንም ለጊዜው ይተዉት።

4. ጨዋታውን ለልጁ ይስፉት

መሃረቤን ያያችሁን እንውሰድ። አራት ሆነው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ የእያንዳንዱ ቦታ በጠመኔ ይከበብ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ማባረር የለም። አንዱ እየዞረ «መሃረቤን ያያችሁ?» ይላል፣ ሌሎቹ «አላየንም!» ይላሉ፤ መሃረቡን ከአንዱ ኋላ ያስቀምጥና ቦታ ይለዋወጣሉ፣ በቃ። መናገር የማይችል ልጅ በመልሱ ፋንታ እጁን ያወዛውዝ ወይም አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ ሌሎቹም አብረውት ያጨብጭቡ። ትከሻ መነካት የማይወድ ከሆነ መሃረቡ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይቀመጥ። ይህን ሲለምዱ በርምጃ መከተል፣ ከዚያ መሮጥ ይጨመራል። ልጁ ጓደኛው ኋላ መሃረብ መቀመጡን አይቶ ፈገግ ካለ ትልቅ ነገር ተከናውኗል፤ ሌላው ልጅ የማያውቀውን እሱ እንደሚያውቅ ገብቶታል ማለት ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የቡና እቃቃ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዳንኤል ለጎፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሌጎ (የፕላስቲክ መገጣጠሚያ መጫወቻ) እየገጣጠሙ አብሮ መሥራት የሚለማመዱበትን ዘዴ አሳትሞ ነበር። አንዱ ሥዕሉን አይቶ ምን እንደሚያስፈልግ ይናገራል፣ ሁለተኛው ቁርጥራጩን ፈልጎ ያቀብላል፣ ሦስተኛው ይገጣጥማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። አንዱ ያለሌላው መቀጠል አይችልም። የእኛ ቡና ይህ ሁሉ አለው። አንዷ ትቆላለች፣ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ሲኒ ያቀብላል፣ ባዶውንም ይሰበስባል። የፕላስቲክ ሲኒና ደረቅ አሸዋ ይበቃል፤ እሳትም እጣንም አያስፈልግም፣ ሽታ የሚረብሻቸው ልጆች አሉና። ቀጂው ሲኒው እስኪቀርብለት መጠበቅ አለበት፤ አቀባዩም የተቀዳለትን ወደሚጠጣው ማድረስ አለበት። መጠበቅ፣ መጠየቅ፣ ማቀበል፣ «በቃኝ» ማለት ሁሉም እዚሁ አሉ። አቦል ሲያልቅ ሥራ ይቀያየሩ፣ ቶና ሲያልቅ እንደገና፤ በረካ ላይ ጨዋታው ያልቃል። ልጁ ስንት ዙር እንደቀረ ያውቃል፣ ስለዚህ ማለቁ አያስደነግጠውም። ዕቃ መደርደር የሚወድ ልጅ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹን ይደርድር፤ እንግዳ ጠባይ ሲባል የነበረው እዚህ ሙያ ይሆናል።

ኤዲኤችዲ (ትኩረት መሰብሰብና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግርበት ሁኔታ) ያለበት ልጅ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ጨዋታው ይገባዋል፤ ተራ መጠበቁ ነው የሚያቅተው። ለእሱ ከሦስት ልጅ አይብለጥ፣ ተራውም ቶሎ ይድረሰው። ሰኞ ማክሰኞ ጥሩ ነው፤ የሌላው ተራ ሲሆን ጠጠር አምጪ ወይም ቆጣሪ ያድርጉት።

የተሸነፈ የሚወጣባቸውን ጨዋታዎች ለኋላ ያቆዩ። ልምምድ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ቀድሞ ወጥቶ ተመልካች ይሆናል።

5. የአዋቂው ቦታ ከልጁ ኋላ ነው

ክቡ መሃል ከገቡ ልጆቹ እርስ በርስ ሳይሆን ከእርስዎ ጋር ነው የሚጫወቱት። ከኋላ ይቀመጡ። መርዳት ሲያስፈልግ አጭር ቃል በጆሮው ይበሉና በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ ብዙ ልጆች ለመመለስ ከምናስበው በላይ ጊዜ ይፈልጋሉ። ልጁ እርስዎን ሲጠይቅ «እሷን ጠይቃት» ብለው ወደ ጓደኛው ይምሩት።

«ዓይኔን እያየህ አናግረኝ» አይበሉ። መሬት እያዩ በደንብ የሚያዳምጡ ልጆች አሉ፤ ማስገደድ ያለ ጥቅም ያስጨንቃል። እጅ ማርገብገቡንም አይከልክሉ። ሌሎችን ለመምሰል ቀኑን ሙሉ ራሱን የሚቆጣጠር ልጅ ቤት ሲገባ ይፈርሳል።

6. ሲረበሽ

ጆሮውን መያዝ፣ መወዛወዝ፣ አንዱን ቃል መደጋገም ብዙውን ጊዜ ጭንቀቱ እየሞላ መሆኑን ያሳያሉ። ያኔ ጫጫታውን ይቀንሱ፣ ወደ ጸጥታው ጥግ ይምሩት፣ ውሃ ይስጡት። ከፈነዳ በኋላ መምከርም ሆነ መቆጣት አይረዳም፤ ራሱን ወይም ሌላውን እንዳይጎዳ እየጠበቁ ዝም ማለት ይሻላል። ለሌሎቹ ልጆች «ደክሞት ነው፣ አርፎ ይመጣል» ይበሉ። እንደ ጥፋት ይቅርታ አያስጠይቁት።

7. አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ

ጨዋታው ሲለመድ ወይ አዲስ ልጅ፣ ወይ አዲስ ቦታ፣ ወይ አዲስ ሕግ ይጨምሩ፤ ሦስቱንም አንድ ላይ አይሆንም። ከየጨዋታው በኋላ አጭር ማስታወሻ ይያዙ፦ ሳይነገረው ስንት ጊዜ ተራውን አወቀ? ማንን ፈለገ? ማንስ ፈለገው?

ውጭ አገር ለምትኖሩ ወላጆች፦ ልጁ ኦቲዝም ስላለበት አማርኛ አታናግሩት ቢሏችሁ አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የቋንቋ እድገት እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም፤ አያቱንና የአክስቱን ልጆች የሚያገኝበት ቋንቋ ነው። አሜሪካ ከሆናችሁ እና ልጁ በትምህርት ቤቱ አይኢፒ (ለእሱ ተብሎ የሚዘጋጅ የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ካለው፣ ከእኩዮች ጋር መጫወት አንዱ ግብ ሆኖ እንዲጻፍ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ልጁ ያወቃቸውን ቃላት ማጣት ከጀመረ፣ ራሱን የሚመታ ከሆነ ወይም ጨዋታው በቀረበ ቁጥር እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ ያቁሙና የሕፃናት ሐኪም ያማክሩ። አዲስ አበባ ላሉ ወላጆች ከጆይ ሌላ ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም አለ።