ዚፕ ድራይቩ ከማኪንቶሽ ኤስኢ ጋር የታረቀው እንዲህ ነው

ማኪንቶሽ ኤስኢው፣ ያ የአፕል አሮጌ ኮምፒውተር፣ ብቻውን ሲሆን ያለችግር ይነሳል። ውጫዊው ሃርድ ዲስክና 100 ሜጋባይቱ ዚፕ ድራይቭ (ተነቃይ ዲስክ የሚያነብ መሣሪያ) ሲሰኩበት ግን አንዴ ዚፑን አያየውም፣ አንዴ መሃል ላይ ቀጥ ይላል።

መጀመሪያ ያየሁት የስካዚ ቁጥሮችን ነው። ስካዚ ኮምፒውተሩንና ድራይቮቹን በአንድ መስመር የሚያያይዝ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። 7 የኮምፒውተሩ ነው፣ 0 የውስጡ ሃርድ ዲስክ። ዚፑ ከ5 ወይም ከ6 ሌላ ምርጫ የለውም። ውጫዊው ዲስክም 5 ላይ ነበር። ዚፑን ወደ 6 አዞርኩት።

ታየ፤ ፋይል ስገለብጥ ግን አሁንም ቀጥ! ይሄኛው የተርሚኔተር፣ ማለትም የመስመሩን ጫፍ የሚዘጋው ነገር፣ ጣጣ ነው። የስካዚ መስመር የሚዘጋው በሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ነው። ካልተዘጋ ምልክቱ ከጫፉ ነጥሮ ይመለስና ዳታውን ያበላሻል። አንዱን ጫፍ የውስጡ ዲስክ ይዘጋዋል። በሌላኛው ጫፍ ያለው ዚፑ ነው፤ ተርሚኔተሩ ግን በማብሪያው አልበራም። ይባስ ብሎ መሃል ያለው ዲስክ ላይ ተርሚኔተር ከኬብሉ ጋር ተደርቦ ተሰክቷል። እሱን ነቀልኩ፣ የዚፑን አበራሁ። አለቀ።

ኬብል የሚነካው ሁሉም ጠፍቶ ነው፤ በዚህ አትቀልዱ። ስታበሩም መጀመሪያ ውጫዊዎቹን፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን። የዚፑ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ዚፑን እንዲያውቅ የሚያደርገው ሶፍትዌር) ሲስተም ፎልደር ውስጥ መኖሩንም እዩ። ያለሱ፣ ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ የገባ ዲስክ ዴስክቶፑ ላይ አይወጣም።