ሳይኮሎጂ ተመርቃችሁ ሥራ ለምትፈልጉ

ማስታወቂያ ላይ «ሳይኮሎጂስት» የሚለውን ቃል ብቻ እየፈለጋችሁ ከሆነ ብዙ ወር ቤት ትቀመጣላችሁ። ሥራው አለ፤ የሚወጣው ግን በሌላ ስም ነው። ኬዝ ወርከር (የተቸገረን ሰው ጉዳይ ይዞ የሚከታተል)፣ የሕፃናት ጥበቃ ኦፊሰር፣ የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ፣ የተማሪዎች አማካሪ፣ የሰው ኃይል ባለሙያ፣ መረጃ ሰብሳቢ። ኢትዮጆብስ የሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይም ቴሌግራም ላይም በእነዚህ ስሞች ፈልጉ። «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚል ካያችሁ አትለፉት፣ አመልክቱ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይለይ። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ቴራፒስት አያደርግም። ሳይካትሪስት ደግሞ መጀመሪያ ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው፤ መንገዱ ሌላ ነው። ክሊኒካል ወይም ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ካማራችሁ ማስተርስ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ያስተምራል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን በተመረቃችሁበት ዓመት አትሩጡ። አንድ ሁለት ዓመት ከሰው ጋር ሠርታችሁ ብትገቡ የትኛው እንደሚሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

ሥራው በብዛት ያለው የእርዳታ ድርጅቶች ጋ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት፣ በየቦታው ያለው መፈናቀል፣ ጋምቤላና ዶሎ አዶ ያሉት የስደተኛ ጣቢያዎች፣ ከዐረብ አገር ተጎድተው የሚመለሱ እህቶቻችን፣ ሁሉም የሚያዳምጣቸው የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ። ለዚህ ሥራ ሳትቀጠሩ በፊት መዘጋጀት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ አለው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሦስት ነገር ነው የሚያስተምረው፦ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ልጆቿን ይዛ ጣቢያ የደረሰች እናት ፊት ቁጭ ብላችሁ «ምን ተሰማሽ? ንገሪኝ» አትሏትም። በልተው እንደሆነ፣ የጠፋ ቤተሰብ እንዳለ፣ የት እንደሚያድሩ ነው ቀድሞ የሚታየው። ማውራት ከፈለገች ታዳምጣላችሁ፤ ካልፈለገች አታስገድዷትም። ይህን በቃለ መጠይቅ ላይ በራሳችሁ ምሳሌ ማስረዳት ከቻላችሁ፣ አጥንታችሁ የመጣችሁትን ትርጉም ከመደርደር በብዙ ይበልጣል።

ቋንቋችሁንም ሲቪው ላይ ከላይ አድርጉት። ሶማሊኛ፣ ኑዌርኛ፣ ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ መቻል እዚህ ሥራ ላይ ዋና ችሎታ ነው። ሐዘኑን በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ብዙውን ነገር ያስቀረዋል።

ብዙ ምሩቅ ከማያስባቸው ቦታዎች አንዱ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ተስማሚ ችሎት አለው፤ ልጁ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ቃሉን ይሰጣል፣ ጥያቄውን በልጅ አቅም የሚያቀርብለት ባለሙያ አጠገቡ አለ። ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ የሕግ ድጋፉንና የሥነ ልቦና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። ከባድ ሥራ ነው። ግን የተማራችሁለት ሥራ ነው።

ልጆች የምትወዱ ከሆነ የግል ትምህርት ቤቶችን አንኳኩ። አማካሪ ባይፈልጉ እንኳ ኦቲዝም ካለበት ተማሪ ጎን የሚቀመጥ ሻዶው ቲቸር ሊፈልጉ ይችላሉ። እንደ ጆይና ነህምያ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት ሄዳችሁ በበጎ ፈቃድ መሥራት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ስድስት ወር ከአንድ ልጅ ጋር የሠራ ሰው፣ የዕድገት ሳይኮሎጂን በወረቀት ብቻ ከሚያውቀው ጋር አንድ አይደለም።

ቁጥር የሚቀናችሁ ኤስፒኤስኤስ (መረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር) እና ኮቦ (በስልክ መረጃ መሰብሰቢያ) ተማሩ፣ የጥናት ፕሮጀክቶች መረጃ ሰብሳቢ ይቀጥራሉ። ቢሮ የሚሻላችሁ የባንኮችን የሰው ኃይል ክፍል ሞክሩ።

የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ዲግሪ ስላላችሁ ብቻ ግን ቲክቶክ ላይ ሰው ማማከር አትጀምሩ። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው ሊደውልላችሁ ይችላል፣ እና ያኔ ብቻችሁን ናችሁ።

ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ጥያቄ አላችሁ?» ካሏችሁ፣ ከደመወዙ ቀጥላችሁ ይህን ጠይቁ፦ ከባድ ኬዝ ሲገጥመኝ ማን ነው የሚያማክረኝ፣ በሳምንት ስንት ቀን ነው የማገኘው? መልስ የሌለው ድርጅት ከሆነ ሁለቴ አስቡበት።