የጓደኛሞች የሚስጥር ንግግር፦ ከወፍ ቋንቋ እስከ ሰምና ወርቅ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ አራት አምስት ልጆች ዓመት ሁለት ዓመት አብረው ከዋሉ የራሳቸው ንግግር ማውጣታቸው አይቀርም። አብዛኛው ግን ቶሎ ይሞታል። ወይ ታናሽ እህት ትለምደዋለች፣ ወይ ከራሳቸው ከጓደኞቹ ግማሹ ይረሳዋል። ከዚህ በታች የምናሳየው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የወፍ ቋንቋ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል፣ ነገር ግን አጠገባችሁ ያለው ሰው አንድ ነገር እየደበቃችሁት መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ሁለተኛው ቃል ማልበስ ነው፤ ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሰሚው ግን የተደበቀ ነገር መኖሩን እንኳ አይጠረጥርም።

የወፍ ቋንቋ

ሕጉ አጭር ነው። ከእያንዳንዱ ፊደል ቀጥሎ «ዘ»ን በዚያው ፊደል ድምፅ አስከትሉ። ፊደሉ ግዕዝ ከሆነ ዘ፣ ካዕብ ከሆነ ዙ፣ ሳልስ ከሆነ ዚ፣ ራብዕ ከሆነ ዛ፣ ኃምስ ከሆነ ዜ፣ ሳድስ ከሆነ ዝ፣ ሳብዕ ከሆነ ዞ። ስለዚህ «ነገ» ነዘገዘ፣ «ቡና» ቡዙናዛ፣ «ሂድ» ሂዚድዝ፣ «ቤት» ቤዜትዝ፣ «ቶሎ» ቶዞሎዞ ይሆናል። «ነገ ቡና ቤት እንገናኝ» ማለት ከፈለጋችሁ «ነዘገዘ ቡዙናዛ ቤዜትዝ እዝንዝገዘናዛኝዝ» ትላላችሁ። እንደ ቋ እና ጓ ያሉት ፊደሎች ዛን ያስከትላሉ፦ ቋዛንዝቋዛ፣ ጓዛደዘኛዛ።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሕጉ የሚከተለው ጆሮን እንጂ ዓይንን አይደለም። ሀ እና አ በገበታው ላይ ግዕዝ ተብለው ቢቆጠሩም በአፋችን ራብዕ ሆነው ነው የሚወጡት። «ሀገር» ሀዛገዘርዝ እንጂ ሀዘገዘርዝ አይባልም። በአንጻሩ ኸ በእውነትም የግዕዝ ድምፅ አለው፤ ስለዚህ «ከቤት» ለማለት «ኸቤት» የሚል ልጅ ኸዘቤዜትዝ ይበል። አፉ የለመደውን ትቶ የመጽሐፉን ለመከተል ሲሞክር ይደናቀፋል፤ የተደናቀፈ ደግሞ ይስቃል፤ ሲስቅ ሁሉም ሰው ዞሮ ያየዋል።

ሁለተኛው ችግር ሳድስ ነው። አንዳንዱ ሳድስ ድምፅ አለው፣ አንዳንዱ ፀጥ ያለ ነው። ሙሉውን ሕግ የሚከተሉ ለሁሉም ዝ ይሰጣሉ፤ ይሄ ለመማር ይቀላል፣ ለመናገር ግን ይከብዳል። ሁለት ሳምንት ከተለማመዳችሁ በኋላ ፀጥ ያሉትን ዝለሏቸው። «ባሕር ዳር» በሙሉው ባዛሕዝርዝ ዳዛርዝ ነው፤ በአጭሩ ባዛሕዝር ዳዛር። «ደብረ ማርቆስ» ደዘብረዘ ማዛርቆዞስ ይሆናል። አጭሩን የያዘ ቡድን ፍጥነቱ ከተራ ንግግር ብዙም አይርቅም፤ ሙሉውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አጭሩን ለመያዝ ይቸገራል። ሁላችሁም አንድ ዓይነት መያዛችሁን ግን አረጋግጡ። ግማሹ አጭር፣ ግማሹ ሙሉ ሲናገር መግባባት ይጠፋል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ቡድን ሳያውቀው የሚያልፈው፣ መጥበቅና መላላት ነው። «ዘ» በመካከል ሲገባ የሚጠብቀው ፊደል ላልቶ ይቀራል። «ገና» ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም»፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ በወፍ ቋንቋ ሁለቱም ገዘናዛ ሆነው ያርፋሉ። «አለ»ም እንዲሁ፦ ተናገረ ይሁን ይኖራል አይለይም። መፍትሔው የሚጠብቀውን ፊደል ለሁለት መክፈል ነው፤ አንዱን ሳድስ አድርጋችሁ ዝ ስጡት። በዓሉ ገዘንዝናዛ፣ «ይኖራል» የሚለው አለ ደግሞ አዛልዝለዘ ይሆናል። ለሁሉም ቃል አታድርጉት፤ ትርጉም ለሚያሳስት ብቻ በቂ ነው።

ልምምዱን በየራሳችሁ ስም ጀምሩ፣ ቀጥሎ ባለ ሁለት ፊደል ቃላት፣ ከዚያ የምትደጋግሟቸው አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች። እንደ «አልተገናኘንም» ያሉ ረጃጅም ግሦችን በመጀመሪያው ሳምንት አትንኩ፤ ባለ ስምንቱ ፊደል ቃል አሥራ ስድስት ይሆንና ትንፋሽ ያሳጣል። በተራ ዓረፍተ ነገር መካከል አንዲት ቃል ብቻ መቀየርም አያዋጣም። «ነገ ብዝርዝ አምጣ» ያለ ሰው ምንም አልደበቀም፤ ዙሪያው ያለው አማርኛ ቃሉን ይናገረዋል። የሰው ስም ደግሞ በጭራሽ ወደ ወፍ ቋንቋ አትቀይሩ። ሰው የራሱን ስም በምንም ተሸፍኖ ይሰማዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በቅጽል ስም ተኩት።

«ዘ»ን የማያውቅ የሰፈር ልጅ ስለሌለ ፊደሉን መቀየር ይበጃል። ገ እና ፈ ጥሩ ናቸው፦ «ሰላም» በገ ሰገላጋምግ፣ በፈ ሰፈላፋምፍ ይሆናል። የ እና ወ አይሆኑም፤ ከኢ እና ከኡ ድምፅ ጋር ተዋሕደው ይጠፋሉ። ቀ፣ ጠ እና ጨ በፍጥነት ሲደጋገሙ አፍ ያደክማሉ። በጣም ለጠነከረ ቡድን ደግሞ ማፈራረቅ አለ፤ ለመጀመሪያው ፊደል ዘ፣ ለሁለተኛው ገ፣ ለሦስተኛው እንደገና ዘ፦ ሰዘላጋምዝ። ይሄን አቀላጥፎ ለመናገር አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ የለመደ ግን ደህና አጥር ሠርቷል።

ቃል ማልበስ

ጎጃም ለዚህ ሥራ አስተማሪ አያጣም። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ የቅኔ አገር ናቸው፤ ሰምና ወርቅ፣ ኅብር፣ ውስጠ ወይራ የሚባሉት መንገዶች ሁሉ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፦ ላይኛው ንግግር ራሱን ችሎ ሙሉ መሆን አለበት። ሰሙ፣ ማለትም ላይኛው ንግግር፣ የተሰበረ ከሆነ ሰሚው ወርቁን፣ የተደበቀውን ትርጉም፣ ፍለጋ ይገባል። የቅኔ ተማሪ ሲጀምር ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ነው የሚቆጥረው፤ እናንተም በአንድ ጥያቄና በአንድ መልስ ጀምሩ።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ወርቅ ዘርዝሩ። የጓደኛሞች ጉዳይ ሲሰበሰብ ከስድስት ከሰባት አያልፍም፦ ባዕድ ሰው አለ፣ እንሂድ፣ ገንዘብ የለኝም፣ ይሄ ወሬ አልተረጋገጠም፣ ድምፅ ቀንስ፣ ርዕስ ቀይር። ከዚያ ለነዚህ ሰም ከአካባቢያችሁ ንግግር አውጡ። ጥቂት የሚሠሩ እነሆ።

ጤፍ፦ ማኛ ንጹሕ ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት። «ማኛ» ያለነው እኛው ብቻ ነን፣ «ሰርገኛ» ከኛ ያልሆነ ሰው አለ። አንዱ «እናንተ ቤት የተገዛው ጤፍ እንዴት ነው?» ይላል። «ሰርገኛ ነው፤ ግን ለእንጀራ ይሆናል» ከተባለ ሰውየው አይጎዳም፣ አውሩ ማለት ነው። «ሰርገኛ ነው፣ ጠጠርም አለው» ከተባለ አፍ ይዘጋል። ይሄኛው ከሁሉም የሚሻል ነው ብለን እንከራከራለን፤ መልሱም ሰም ለብሷል፣ ደረጃም አለው፣ ጤፍ ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም በማንኛውም ቤት በማንኛውም ሰዓት የሚወራ ነገር ነው።

ጠላ፦ «ጉሽ ነው» ወሬው ገና አልጠራም፤ «ጠሏል» ተረጋግጧል። ቡና፦ «በረካ ላይ ደርሰናል» መውጫችን ነው። ቡና ባልፈላበት ቦታ ግን «የእነ እትዬ ቡና በረካ ደርሶ ይሆን?» ብላችሁ ወደ ሌላ ቤት አዙሩት። መንገድ፦ ከደጀን ቀጥሎ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ስለሚወርድ ሾፌር ማርሽ ይቀንሳል፤ «አጎቴ ደጀን ደርሷል» ድምፅ ቀንስ ይሆናል።

የማይሠራም አለ። «ወራጅ አለ» በታክሲ ውስጥ የተለመደ ነው፣ ሳሎን ተቀምጦ ሲባል ግን ሁሉም ቀና ይላል። ስልክን ለገንዘብ ሰም ማድረግ፣ «ባትሪዬ አምስት ፐርሰንት ነው» ብሎ ሃምሳ ብር ማለት፣ ጥሩ ይመስላል፤ ችግሩ ደግ ሰው ቻርጀር ይዞ መምጣቱ ነው። ሰሚውን ወደ ሥራ የሚጠራ ሰም አትምረጡ። «አባይ»ን ለውሸታም መጠቀምም ከንቱ ነው፤ ወንዙም ዋሾውም በዚህ ስም መጠራታቸውን ሕፃን ያውቀዋል። ጨላ፣ ችስታ፣ ፎንቃ፣ ነቄ የመሳሰሉት የአራዳ ቃላትም ለጨዋታ ማጣፈጫ እንጂ ለሚስጥር አይረቡም፤ የሚያውቃቸው ብዙ ነው።

እያንዳንዱን አዲስ ቃል ከመቀበላችሁ በፊት ፈትኑት። ምንም የማያውቅ ሰው ባለበት ሁለት ጊዜ በተለያየ ቀን ተናገሩት። ሰውየው «ምን?» ካለ ሰሙ ወድቋል። ስለ ሰሙ ጥያቄ ከጠየቀ፣ ለምሳሌ «ጤፉ ስንት ገባ?» ካለ፣ አልፏል፤ ዋጋውን መመለስ ግን ይጠበቅባችኋል፣ ስለዚህ የሰሙን ነገር እወቁት። በሳምንት ከአንድ ቃል በላይ አትጨምሩ፤ ከአሥራ ሁለት ቃል በላይም አትያዙ። ሲበዛ አንዱ ጓደኛ ይረሳል፣ የረሳውም በሰው ፊት «እሱ ደግሞ ምን ነበር?» ይላል።

ቅጽል ስም ስታወጡ የድሮው የፈረስ ስም ስልት ያገለግላል፦ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ ነበሩ። «አባ» ብላችሁ ልጁ ሁልጊዜ የሚለውን ግሥ ጨምሩ፤ ሁሌ ለሚያረፍድ «አባ መጣሁ»። መለኪያው አንድ ነው፤ እናቱ ብትሰማው የምትስቅበት ይሁን። በአካል ጉዳት ወይም በዘር የወጣ ስም አንድ ቀን ባለቤቱ ጆሮ ይገባና ቡድኑን ይበትናል።

ሽማግሌ፣ ለቅሶ ቤት፣ የንስሐ አባት ባሉበት የወፍ ቋንቋ ነውር ነው፤ ፊት ለፊት «አንተን አልፈልግህም» እንደማለት ይቆጠራል። እዚያ ሰም ብቻ፣ እሱም በአጭሩ። «ምንድን ነው የምትሉት?» ብለው ታላቅ ሰው ከጠየቋችሁ ሰሙን በእርጋታ ድገሙላቸው፤ «ስለ ጤፉ ነው አባባ» በቂ ነው። በጽሑፍ፣ በቴሌግራምም ቢሆን፣ የወፍ ቋንቋ አይጻፍም፤ የተደረደረውን ዘ ዓይን በአንድ አፍታ ይለቅመዋል። ሕመም፣ አደጋ ወይም የጠፋ ሰው ሲኖር ደግሞ በግልጽ አማርኛ ተናገሩ፤ ለእነዚህ ሰም አይሠራላቸውም።

የአንድ ቃል ሚስጥር ከታወቀ በድንገት አትተዉት፤ ዝም ማለታችሁ የደረሰበትን ሰው ትክክል ነህ ይለዋል። ለሁለት ሳምንት ያህል ትርጉሙን ባዶ አድርጋችሁ ስለ እውነተኛው ጤፍ አውሩበት። በዚያው ጊዜ ወርቁን ወደ ሌላ ሰም አዛውሩ፤ ከእህል ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ቡና። አዲስ ጓደኛ ሲገባም ዝርዝሩን ጽፋችሁ አትስጡት። በየስብሰባው አንድ አንድ ቃል ይስማ፣ ገምቶ ይሞክር፣ ሲያገኘው ብቻ አረጋግጡለት።