ሽማግሌ ወይስ ፍርድ ቤት? ከመክሰሳችሁ በፊት ይህን እዩ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጎን ለጎን የሚነግዱ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ ለሌላው 40,000 ብር አበደረ። ወረቀት የለም፤ «ወንድሜ ነው» ብሎ ነው የሰጠው። አሁን ወንድምዬው ስልክ አያነሳም። አበዳሪው በንዴት «ነገ እከሰዋለሁ!» ይላል።

መጀመሪያ ማስረጃውን ይይ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም። ጽሑፍ ይፈልጋል። ያለዚያ ተበዳሪው ራሱ ችሎት ፊት ማመን አለበት፣ ወይም በመሐላ ይታያል። 500 ብር ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ሕጉ ሁላችንንም ይይዘናል። አሥር ምስክር ይዞ ቢሄድ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ለዚህ ሰው የሚሻለው ሽምግልና ነው። ሁለቱንም የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች ይምረጥ፤ የተበዳሪው የነፍስ አባት ቢጨመሩ ደግሞ ጥሩ። ችሎት የሚክድ ሰው እነሱ ፊት አንገቱን ይደፋል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ታረቅን፣ ቡና ጠጣን፣ ተሳሳምን፣ ወደ ቤት። ከመሳሳሙ በፊት ወረቀት ይውጣ! ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል ይጻፍ። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ያ የጎደለው ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው።

ቀጥሎ ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ቁጠሩ። ሽምግልና ተጀመረ ተብሎ ጊዜው ቆሞ አይጠብቅም። ለውል ጉዳይ በመደበኛው 10 ዓመት አለ። ባጃጅ ገጭቷችሁ ካሳ የምትጠይቁ ከሆነ ግን 2 ዓመት ነው። ያላግባብ ተባርሮ ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ ሠራተኛ ያለው 3 ወር ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ «ከጥምቀት በኋላ እንገናኝ» ካሉት ቀኑን አስልቶ ክሱን ያስገባ።

የግልግል ዳኝነትም አለ፤ ተከራካሪዎቹ ከፍርድ ቤት ውጭ በመረጧቸው ዳኞች የሚዳኙበት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ይመራል። ለትልልቅ የንግድና የግንባታ ውሎች ይመቻል። ዳኞቹ ስለሚከፈላቸው ለ40,000 ብር አይመከርም። የመሬት፣ የፍቺና የወንጀል ጉዳይም አያይም።

ድብደባ ካለበት ቀጥታ ፖሊስ ጋ። «ገመናችን በቤታችን ይቅር» የሚል ሽማግሌ ቢመጣ አትስሙት።

ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ክስ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን መታረቅ ይቻላል። ያኔ ስምምነቱን ዳኛው መዝገብ ላይ እንዲያሰፍሩት ጠይቁ። ሰውየው ካልከፈለ አዲስ ክስ ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ትሄዳላችሁ፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያስከፍለዋል ማለት ነው።